ሒሳብ ከጉሊት እስከ ጥቁር ሰሌዳ

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ርዕስ በዚህች ቡለቲን ብዙም የተለመደ አይደለም። ስለ ፕሬስ ነፃነት ወይም ስለ ካምፓስ ፍቅር ይጽፋል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ይቅርታ። የምጽፈው ስለ ሒሳብ ነው፤ ያውም ስለ ትንንሽ ልጆች ሒሳብ፣ ስለ መደመርና ማባዛት። ገጹን ለመገልበጥ እጃችሁ ሲነሳ ይታየኛል። እባካችሁ ትንሽ ታገሱኝ። እኔም እዚህ ዲፓርትመንት የገባሁት ከሒሳብ ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር።

በቅድሚያ የራሴን ጉድ ላውራ። ባለፈው ሴሚስተር ከገበያ አንድ ዜና ሠርተን እንድንመጣ ታዘዝን። እኔም የሽንኩርት ዋጋ በኪሎ ከ40 ብር ወደ 60 ብር መውጣቱን ሰማሁና «የሽንኩርት ዋጋ በ20 በመቶ ጨመረ» የሚል ርዕስ ሰጠሁት። በርዕሱ ኮርቼበት ነበር። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ «ሃያው ብር ነው፤ በመቶው ከየት መጣ?» አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም ነበር። ዶርም ገብቼ ብዙ ካሰላሰልኩ በኋላ ነው የተገለጠልኝ። በ40 ብር ላይ 20 ብር ሲጨመር የጨመረው የዋጋው ግማሽ ነው፤ ስለዚህ ጭማሪው 50 በመቶ ነው። የሚገርመው ደግሞ ክፍል ውስጥ ከሳቁብኝ ልጆች መካከል ሦስቱ ማታ በየተራ መጥተው «ለመሆኑ 50 እንዴት ነው የሚሆነው?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

መቼም 12 ዓመት ሙሉ ሒሳብ ተምረናል። ፍሬሽማን እያለንም ወስደናል። ታዲያ እንዲህ ከሆንን ነገሩ የተበላሸው ካምፓስ ከገባን በኋላ አይደለም ማለት ነው። የት እንደተበላሸ ያየሁት በእረፍት ጊዜ ቤተሰብ ልጠይቅ ደሴ የሄድኩ ጊዜ ነው።

እናቴ ሸዋበር አካባቢ ጉሊት አላት። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ድንች በመደብ በመደብ አድርጋ ትሸጣለች። ታናሽ እህቴ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናታችን ጎን ቁጭ ብላ ታግዛለች። ቤት እንደገባሁ የመንፈቅ ዓመት ካርዷን አሳዩኝ። አማርኛ 81፣ አካባቢ ሳይንስ 77፣ ሒሳብ ግን 38፣ በቀይ እስክሪብቶ። የቤቱ «ምሁር» እኔ ነኝና የማስጠናቱ ኃላፊነት እኔ ላይ ወደቀ።

ደብተር አስወጣኋትና «15 ሲባዛ በ6» ብዬ ሰጠኋት። ቁጥሮቹን አንዱን ከሌላው ሥር ጻፈች። «ስድስት ጊዜ አምስት ሠላሳ» ብላ 30ን ጻፈች። ቀጠለችና «ስድስት ጊዜ አንድ ስድስት» ብላ 6ን ከ30ው በስተግራ አስቀመጠች። 630 ሆነ። «ተሳስተሻል፣ እንደገና ሥሪው» አልኳት። በላጲስ አጠፋችና እንደገና 630 ጻፈች። ሦስተኛ ጊዜም ያው ሲሆን ትዕግሥቴ አለቀ። «ደደብ ነሽ እንዴ አንቺ ልጅ!» ብዬ ጮህኩባት።

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። እኔም በእሷ ዕድሜ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ጠመኔ እንደያዝኩ ተብዬዋለሁ። ያኔ ዳግመኛ ለማንም አልለውም ብዬ ነበር። ይኸው ከራሴ አፍ ሲወጣ ሰማሁት። እህቴ አላለቀሰችም። እርሳሷን አስቀምጣ አንገቷን ደፋች። ያን ቀን ማታ ድጋሚ ደብተር አላወጣችም።

በማግሥቱ ከሰዓት እናቴ ጉዳይ ነበራትና እኔና እህቴ ጉሊቱን ጠበቅን። አንዲት እናት መጡና የቃሪያውን ዋጋ ጠየቁ። «መደቡ 15 ብር ነው እትዬ» አለች እህቴ። ሴትዮዋ ዝክር ነገር ነበራቸው መሰለኝ ስድስት መደብ አሉና ባለ ሁለት መቶ ብር ኖት ሰጧት። እኔ ስልኬን አውጥቼ ካልኩሌተር ልከፍት ስል እህቴ «ዘጠና ነው» ብላ ጨርሳለች። ከዚያ አሥር ብር አቀበለቻቸውና «መቶ»፣ መቶ ብር ጨመረችና «ሁለት መቶ» አለች። ሴትዮዋ መርቀዋት ሄዱ።

«ዘጠናን እንዴት አገኘሽው?» አልኳት።

«ሁለት መደብ ሠላሳ፣ አራት መደብ ስልሳ፣ ስድስት መደብ ዘጠና» አለችኝ፤ ይኼ ደግሞ ይጠየቃል ወይ በሚል አኳኋን።

«ትናንት 630 ያልሽው እኮ ይኸው ሒሳብ ነው! 15 ሲባዛ በ6!»

«እሱማ የደብተር ነው!»

«ታዲያ እሳቸውን 630 ብር ብትያቸውስ?»

«ውይ! ሌባ ይሉኛላ!»

ውድ አንባብያን፣ የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ በዚህች «እሱማ የደብተር ነው» በምትል ቃል ውስጥ አለ። እህቴ ሒሳብ አልጠፋባትም። ሁለት ሒሳብ ነው ያላት። አንዱ የጉሊት ነው፤ ትርጉም አለው፤ ከተሳሳተች ሌባ ያስብላታል። ሌላው የደብተር ነው፤ 630 ይሁን 90 ለውጥ የለውም፣ እርማቱ ብቻ ነው የሚታወቀው። በሁለቱ መካከል ግድግዳ ቆሟል። እኔ ደግሞ በር መክፈት ሲገባኝ ግድግዳው ላይ ቆሜ ነው የተሳደብኩት።

ይህ የእኔ እህት ጉዳይ ብቻ ነው እንዳትሉ። በ1985 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ቴሬዚኛ ኑኔስና ባልደረቦቿ ብራዚል ውስጥ ሬሲፌ በተባለች ከተማ ገበያ ላይ የሚሸጡ ልጆችን ደንበኛ መስለው ሒሳብ ጠየቋቸው። ልጆቹ ከቀረበላቸው ጥያቄ 98 በመቶ ያህሉን በትክክል መለሱ። በኋላ እነዚያኑ ስሌቶች በእርሳስና በወረቀት በትምህርት ቤት መልክ ሲሰጧቸው ግን በትክክል የሠሩት 37 በመቶ ገደማውን ብቻ ነበር። እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ አንድ ነገር ልጨምር። የተጠኑት ልጆች አምስት ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ በዚህ ብቻ ስለ ዓለም ልጆች ሁሉ መናገር አይቻልም። ነገር ግን በ2025 እ.ኤ.አ. አብሂጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ሌሎች ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት በሕንድ ኮልካታና ዴልሂ ገበያዎች የሚሠሩ ከሺህ በላይ ልጆችን ይዟል። እነሱም ያገኙት ተመሳሳይ ነገር ነው። የገበያ ልጆች የደንበኛን ሒሳብ በልባቸው አቀላጥፈው ይሠራሉ፤ የትምህርት ቤቱ ሲመጣ ይደናገራሉ። ገበያ የማያውቁ ተማሪዎች ደግሞ የደብተሩን ይሻላሉ፤ የገበያው ሲሰጣቸው ግን እነሱም ይንገዳገዳሉ።

ከዚህ የተማርኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ልጁ ሒሳብ አይገባውም» ከማለታችን በፊት የትኛው ሒሳብ እንዳልገባው መጠየቅ አለብን። ሁለተኛ፣ ጉሊት መዋል ብቻውን ደብተር ላይ አያሻግርም። ልጅ ትምህርቱን ትቶ ይነግድ ማለቴም አይደለም፤ ጉሊት ጨዋታ እንዳልሆነ አድጌበት አውቀዋለሁ። የምለው አንድ ሰው ድልድዩን መሥራት አለበት ነው። ማን ይሥራው? ቤትም ትምህርት ቤትም።

ከቤት እንጀምር። እናቴን «ለምን አታስጠኛትም?» ብላት «እኔ ያልተማርኩ፣ ምን አውቄ ላስጠና?» አለችኝ። ይህቺው እናቴ ግን የስንት ደንበኛ ዱቤ በልቧ ይዛ፣ ከአትራፊ የገዛችውን ቃሪያ በስንት መደብ ብትከፍለው ስንት እንደሚያተርፋት ካላሰላች ቤታችን አያድርም። ሒሳብ አለማወቅና ሒሳብ መጻፍ አለማወቅ አንድ አይደሉም። ወላጆቻችን የጎደላቸው ጽሕፈቱ እንጂ ሒሳቡ አይደለም። ቡና ሲፈላ «ስምንት ሰው ነን፤ ረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒ አለ፤ ስንት ጨምሪ?» ማለት መቀነስ ማስተማር ነው። ዳቦ ለአራት ልጅ እኩል ቆርሰሽ አካፍይ ማለት ክፍልፋይ ነው። ሱቅ ስንልካቸው «100 ብር ይኸው፤ የ35 ብር ሳሙና ገዝተሽ ስንት ትመልሻለሽ?» ብሎ ከመሄዳቸው በፊት መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም። ገበጣስ ቢሆን? ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ አገራችን ገበጣ ዓይነቶች ሰፊ ጽሑፍ እስከ ማሳተም የደረሱት ቁም ነገር ቢያዩበት ነው። ጠጠር ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዘራ «ከዚህ ብነሳ የት አልቃለሁ?» ብሎ አስቀድሞ የሚያስብ ልጅ ሒሳብ እየሠራ ነው። ቅልብልቦሽም እንዲሁ።

እዚህ ላይ የጥያቄ ነገር አለ። እኛ ቤት ውስጥ የምንጠይቀው «ስንት ሆነ?» ብለን ነው። ልክ ከሆነ ጎበዝ፣ ካልሆነ ኩርኩም። እኔ ያን ቀን «ዘጠናን እንዴት አገኘሽው?» ብዬ ባልጠይቅ ኖሮ እህቴ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን መንገድ በፍጹም አላየውም ነበር። «እንዴት?» የሚለው ጥያቄ ልክ ለሆነውም ላልሆነውም መልስ ይሠራል። ለነገሩ እኛ ጋዜጠኛ ልንሆን የምንማር ሰዎች «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» እያልን ስንሸመድድ የመጨረሻዋን ጥያቄ ለእህት ለወንድሞቻችን መንፈጋችን ይገርማል።

የጣት ነገርም አለ። «በጣትህ አትቁጠር!» የማይል ቤት ጥቂት ነው። ጣት እኮ እግዜር የሰጠን ለሕፃን የሚመች መቁጠሪያ ነው። ልጁ ቁጥሩ ሲገባው ራሱ ይተወዋል። ቶሎ ስናስጥለው ግን መቁጠሩን አይተውም፤ ከጠረጴዛ ሥር ደብቆ ይቆጥራል። እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል እንዲያ ነበርኩ።

ቋንቋውንም ልብ በሉት። በአማርኛ «አሥራ አንድ» ስንል አሥርና አንድ መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል። «አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት» እያለ ይሄዳል። እንግሊዝኛው «ኢለቨን፣ ትዌልቭ» ሲል ግን አሥሩ የት እንዳለ አይታይም። በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመና የቻይናንና የአሜሪካን ሕፃናት ያነጻጸረ ጥናት ነበር። እስከ አሥር በመቁጠር ሁለቱም እኩል ሲሆኑ፣ ልዩነቱ የመጣው ከአሥር በላይ ባሉት ቁጥሮች ነው። በቻይንኛ እንደኛው «አሥር አንድ፣ አሥር ሁለት» ነው የሚባለው። እንግዲህ ልጃችን ኬጂ ገብቶ «ኢለቨን» አለ ብለን በደስታ ስናጨበጭብ «አሥራ አንድ» የምትለዋን እንዳናስረሳው እንጠንቀቅ። እንግሊዝኛ አይማር አላልኩም። ቁጥር መጀመሪያ በሚያልምበት ቋንቋ ይግባው ነው የምለው።

አሁን ወደ ትምህርት ቤት ልሻገር። መምህራንን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልፈልግም። እህቴ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች አሉ። በአንድ ክፍለ ጊዜ መምህሯ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ እንኳን አትደርሰውም። ቢሆንም ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍልም የሚቻል ነገር አለ። ቆርኪና ስንጥር ገንዘብ አይጠይቁም። እኔ ራሴ በሦስተኛው ቀን የሞከርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ ከመጥረጊያ ላይ ስንጥር ሰብስበን አሥር አሥሩን በክር አሰርን። 15 ማለት አንድ እስርና አምስት ነጠላ ነው። ይህንን ስድስት ቦታ ደረደርነው፤ ልክ እንደ መደብ። ስድስት እስርና 30 ነጠላ ስንጥር ሆነ። «ነጠላዎቹን ምን እናድርጋቸው?» አልኳት። «እንሰራቸዋ!» አለችና ሦስት እስር አወጣች። ስድስትና ሦስት፣ ዘጠኝ እስር፤ ዘጠና። ያን ጊዜ ደብተሯን ከፈትኩና «ዜሮ ጽፈን ሦስት እንይዛለን» የሚሉሽ እነዚህን ሦስት እስሮች ነው አልኳት። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ 630ን አየችው። ከዚያ «ሠላሳውን ሳላስር ነዋ የጻፍኩት!» አለች።

አያችሁ? ስህተቷ ስንፍና አልነበረም። ምክንያት ነበረው። ምክንያቱን የሚያሳያት ሰው ነው ያጣችው። መምህራኖቻችን የተሳሳተ መልስ ሲያዩ በኤክስ ከማለፍ ይልቅ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳን አንድ ስህተት መርጠው፣ የልጁን ስም ሳይጠሩ፣ «ይህን የሠራ ልጅ ምን አስቦ ይሆን?» ብለው ክፍሉን ቢጠይቁ ለስድሳውም ይደርሳል። ልጅን ሰሌዳ ፊት አቁሞ ማዋረድ ግን ይቅር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። «ደደብ» የሚለው ቃል አካል ላይ አያርፍም፤ ግን ከአርጩሜ ይልቅ ይቆያል። በእኔ ላይ 12 ዓመት ቆይቷል።

«ታዲያ የማባዣ ሠንጠረዥ በቃል አይጠና ልትለን ነው?» የሚል አይጠፋም። የለም፣ ይጠና። ስድስት ጊዜ አምስት ሠላሳ መሆኑን ባታውቅ ኖሮ እህቴ እስሩም ጋር አትደርስም ነበር። በቃል የተያዘ ነገር ሐሳብን ያፈጥናል። ጥያቄው የቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ይግባ፣ ከዚያ ይሸምደድ። ሳይገባ የተሸመደደ ግን ሲሳሳት መሳሳቱን እንኳን አያውቅም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንቶቻችን ይህን ከጥንት ያውቁታል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ አስሊው ተመልሶ ስህተቱን ይፈልጋል። የጉሊቷ እህቴም «ሌባ ይሉኛል» የምትል ማረጋገጫ አለቻት። ደብተሩ ላይ ግን ማረጋገጫ አልሰጠናትም። ለእኔም ሽንኩርቱን በ20 በመቶ ሳስጨምር «ይኼ ነገር ያስኬዳል?» ብዬ እንድጠይቅ ያስተማረኝ የለም።

እናም ወገኖቼ፣ ይህ ጉዳይ የሒሳብ ዲፓርትመንት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነገ ስለ በጀት፣ ስለ ዋጋ ንረት፣ ስለ ምርጫ ውጤት የምንዘግበው እኛ ነን። የምንሳሳተው ቁጥር እንደ እህቴ ደብተር በላጲስ አይጠፋም፤ ሕዝብ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ነገር ሐሳብ ላቅርብ። አንደኛ፣ በሬድዮ ፕሮዳክሽን ኮርስ ከምንሠራቸው ፕሮግራሞች መካከል አንዷን፣ አሥር ደቂቃ የምትሆን፣ «ሒሳብ በቤታችን» ብለን ላልተማሩ እናቶችና አባቶች እናዘጋጅ። እነሱ የሚያውቁትን ሒሳብ እነሱው ይንገሩን፤ እኛ ማይክራፎን እንያዝ። ሁለተኛ፣ ለእረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ከአንድ ልጅ ጋር ቁጭ እንበልና «እንዴት አገኘኸው?» ብለን እንጠይቅ። ከተቻለ ሳንጮህ።

የእህቴ ነገር ተአምር ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። ባለፈው ሳምንት ደውላልኝ ነበር። በሒሳብ ፈተና ከአሥር ስድስት አመጣች። ማካፈል ገና አስቸግሯታል። እኔም ለማጽናናት ብዬ የሽንኩርቱን ጉዴን፣ በ20 በመቶ ብዬ የተሳቀብኝን፣ አጫወትኳት። ከት ብላ ሳቀችና እንዲህ አለችኝ፦

«አንተ ጉሊት ቢያስቀምጡህ እኮ እንከስራለን!»

ቸር ይግጠመን።